የመጠጥ ሱስን ለማቆም የመደጋገፊያ ስብሰባ ስለማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተጻፈው መጠጥ ለማቆም ለወሰኑ፣ ወይም ገና ሳይወስኑ እያመነቱ «እንደ እኔ ያሉ ሰዎች የት ይሰበሰባሉ?» ብለው ለሚጠይቁ አማርኛ ተናጋሪዎች ነው። በብዛት የሚያወሳው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ስለሚባለውና በአጭሩ ኤኤ ተብሎ ስለሚጠራው ኅብረት ነው፤ በብዙ የዓለም ከተሞች በቀላሉ የሚገኘው እሱ ነውና። ሌሎች አማራጮችም በየቦታቸው ተነሥተዋል። ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ከብዙ ዓመት ልምድ ያየሁት አንድ ነገር በመልሶቹ ሁሉ ውስጥ ይታያል፦ ስብሰባ ማግኘት ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመለሱበትን ስብሰባ ማግኘት ነው።

ዛሬ ማታ መጠጥ አቁሜ ነገ ስብሰባ መሄድ እችላለሁ?

ስብሰባ መሄድ ይችላሉ፤ መጠጥን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ግን ለሁሉም ሰው አደጋ የሌለው ነገር አይደለም። ጠዋት ሲነሡ እጅዎ የሚንቀጠቀጥ፣ ላብ የሚያጠምቅዎ፣ የቡና ሲኒ ሳይደፉ ለመያዝ እንኳ አስቀድሞ አንድ መለኪያ አረቄ የሚያስፈልግዎ ከሆነ፣ ሰውነትዎ ከአልኮል ጋር ተላምዷልና በድንገት ሲያጣው በብርቱ ሊታመም ይችላል። እንደ ሚጥል በሽታ ያለው መንፈራገጥ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። የሌለ ነገር ማየትና መስማት፣ መቃዠት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን የሚታይበት ከባዱ ዓይነት ደግሞ በአብዛኛው በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል የሚነሣ ሲሆን፣ ሕክምና ካላገኘ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ በየቀኑ ብዙ የሚጠጡ ሰዎች የመጀመሪያ ጉዟቸው ወደ ሐኪም ቢሆን ይመረጣል። ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት በሚሰጥ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ይህን ጊዜ በሰላም ሊያሻግርዎ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ በክልል ደግሞ እንደ ጎንደርና ጅማ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። መንፈራገጥ ወይም መቃዠት ከጀመረ ግን ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም፤ በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101 ይደወላል። ጸበል ለመጠመቅ የሚሄዱ ሰዎችም ይህን ለቤተሰባቸው አስቀድመው ቢነግሩ መልካም ነው። በ3ኛው ቀን የሚመጣው መቃዠት የርኩስ መንፈስ ጩኸት መስሎ የተተረጎመበት፣ ሆስፒታል መድረስ የነበረበት ሰውም ሳይደርስ የቀረበት አጋጣሚ አለና።

«እኔ ሰካራም አይደለሁም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ አልቀምስም።» እንዲህ የምል ሰው ስብሰባ ያስፈልገኛል?

ይህ ጥያቄ ከአገራችን ሰዎች አፍ ደጋግሞ የሚሰማ ነው፤ ሐቅም አለው። 55 ቀን መታገሥ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን መመርመር ያለበት ጾሙ ሳይሆን ፋሲካው ነው። በፍስኩ ዕለት የመጀመሪያውን ብርጭቆ ካነሡ በኋላ «ሁለት ብቻ» ብለው ሁለት ላይ ማቆም ይችላሉ? ወይስ የትንሣኤ ማግስት፣ ከዚያም የዳግማይ ትንሣኤ ሰንበት እንዴት እንዳለፈ ከሰው ነው የሚሰሙት? የመጠጥ ሱስ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ለተወሰነ ቀን መተው ይችላል፤ የሚያቅተው ከጀመረ በኋላ መጠኑን መግዛት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የሚባል 10 ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ አለ። ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል፤ 8 እና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት አጠጣጡ ጎጂ እየሆነ መምጣቱን፣ 20 እና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ሱስ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት እንደሚያስፈልግ ያመለክታል። በየጤና ተቋሙ ሊሞሉት ይችላሉ። ሲሞሉ ግን «ጠላ መጠጥ አይባልም» ከሚለው ልማድ ይጠንቀቁ። ጠላው ቢቀጥንም በጣሳ እየተደጋገመ ሲጠጣ ይደመራል፤ አረቄ ደግሞ የአልኮል መጠኑ 45 በመቶ አካባቢ ሊደርስ ስለሚችል አንድ መለኪያው እንደ አንድ ጠርሙስ ቢራ ሊቆጠር ይችላል።

በኤኤ በኩል የሆነ እንደሆነ ነጥብ የሚጠይቅዎ የለም። ለአባልነት የሚጠየቀው ብቸኛ ነገር መጠጥ የማቆም ፍላጎት ነው። ፍላጎቱ ግማሽ ልብ ቢሆንም ይቀበሉዎታል።

ኤኤ ምን ዓይነት ድርጅት ነው?

ድርጅት ከማለት ኅብረት ማለት ይቀላል። የተጀመረበት ታሪክ ራሱ ስብሰባ ስለመፈለግ ስለሆነ ባጭሩ ላንሣው። በሜይ 1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ ወደ አክረን፣ ኦሃዮ ሄዶ ጉዳዩ ከሸፈበት። ያን ጊዜ መጠጥ ካቆመ አምስት ወር ያህል ሆኖት ነበር። ባረፈበት ሆቴል መግቢያ ላይ ቆሞ በአንድ በኩል የቡና ቤቱን ሣቅና ጫጫታ እየሰማ፣ በሌላ በኩል የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር የተለጠፈበትንና አጠገቡ ያለውን ስልክ እያየ ሲያመነታ ቆየ፤ በመጨረሻ ወደ ስልኩ ሄደ። የፈለገው ሐኪም ወይም ሰባኪ አልነበረም፤ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ ነበር። ከብዙ ጥሪ በኋላ ሮበርት ስሚዝ ከተባለ፣ በመጠጥ ከሚሰቃይ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ «ከ15 ደቂቃ በላይ አልቆይም» ብሎ የመጣ ሰው ነበር፤ ጨዋታው ግን ከ6 ሰዓት በላይ ፈጀ። ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935፣ በእኛ ሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ የኅብረቱ የልደት ቀን ሆኖ ይቆጠራል።

ዛሬ ኅብረቱ በ180 ያህል አገሮች ውስጥ ይገኛል። 12 እርምጃዎች የሚባሉ የግል መመሪያዎችና በ1950 የጸደቁ፣ ቡድኖቹ የሚተዳደሩባቸው 12 ልማዶች አሉት። አለቃ የለውም፤ የአባላት መዝገብ አይይዝም፤ የሚደግፈው ወይም የሚቃወመው የፖለቲካ ጉዳይም የለውም።

በምኖርበት ከተማ ስብሰባ እንዴት አገኛለሁ?

ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ሚቲንግ ጋይድ የሚባለው፣ ከኤኤ የሚወጣ ነጻ የስልክ መተግበሪያ ነው፤ ያሉበትን ቦታ ሲፈቅዱለት በአቅራቢያዎ ያሉትን ስብሰባዎች በቀንና በሰዓት ደርድሮ ያሳያል። ሁለተኛው ኢንተርግሩፕ የሚባለው የየከተማው የኤኤ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ስልኩን የሚያነሡት ራሳቸው መጠጥ ያቆሙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ይህን መንገድ ከሁሉ የበለጠ እመክራለሁ፤ «ብቻዬን መግባት ፈራሁ» ቢሏቸው በር ላይ የሚጠብቅዎ ሰው ሊያዘጋጁልዎ ይችላሉና። ሦስተኛው በኢንተርኔት በቪዲዮ ወይም በስልክ የሚካሄዱት ስብሰባዎች ናቸው፤ ከ2020 ወዲህ እጅግ በዝተው በሃያ አራቱም ሰዓት በየትኛውም አገር ሆኖ መግባት ይቻላል።

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው፣ ማለትም ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ስብሰባ አይጠፋም፤ ሌሊት ለሚሠራ የታክሲ ሹፌርም ሆነ ለነርስ የሚስማማ ሰዓት ይገኛል። በአሜሪካ የሕክምና ተቋም ለሚፈልጉ ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ ነጻ የስልክ መስመር 1-800-662-4357 ቀንና ሌሊት ይሠራል። በእንግሊዝ የኤኤ ነጻ መስመር 0800 9177 650 ነው። በእስራኤል በዕብራይስጥ፣ በእንግሊዝኛና በሩሲያኛ የሚካሄዱ ስብሰባዎች አሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ዱባይ ላይ ስብሰባ ይገኛል፤ መጠጥ በሕግ በተከለከለባቸው በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት ላሉ ግን የኢንተርኔቱ ስብሰባ ይሻላል፤ ቪዲዮውን ዘግቶ፣ ሌላ ስም ይዞ መግባትም ነውር የለውም።

በአዲስ አበባም የኤኤ ስብሰባዎች ይካሄዳሉ። ቦታና ሰዓታቸው ስለሚቀያየር ከወራት በፊት የተለጠፈ ማስታወቂያ አይተው ከመነሣት ይልቅ በዚያው ሳምንት ደውለው ወይም ጽፈው ያረጋግጡ። የተዘጋ በር ፊት መቆም ያን ቀን ለመጠጣት የሚበቃ ሰበብ ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው በቀልድ አይደለም።

በዝርዝሩ ላይ «ክፍት» እና «ዝግ» የሚሉት ቃላት ምን ማለት ናቸው?

ክፍት ስብሰባ ማንም ሰው ሊገባበት የሚችል ነው፤ የትዳር ጓደኛ፣ ተማሪ፣ ነገሩን ማወቅ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ይገባል። ዝግ ስብሰባ ደግሞ የመጠጥ ችግር ላለባቸውና ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ለራስዎ የሚሄዱ ከሆነ ሁለቱም ይሆኑዎታል። ወንድምዎን ወይም እኅትዎን አስከትለው ለመሄድ ካሰቡ ክፍቱን ይምረጡ። ከዚህ ሌላ ለጀማሪዎች፣ ለሴቶች ብቻ፣ ለወጣቶች፣ 12ቱን እርምጃዎች በየተራ ለማጥናት ተብለው የተለዩ አሉ። በተለይ ሴቶች የሴቶቹን ስብሰባ ቢሞክሩ እላለሁ፤ በእኛ ባህል የምትጠጣ ሴት ከወንዱ እጥፍ ድርብ ትወቀሳለችና ወንዶች ባሉበት የማይወጣ ብዙ ነገር አለ።

ገብቼ ምን እሆናለሁ? እንድናገር እገደዳለሁ?

አይገደዱም። አብዛኛው ስብሰባ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቦታው ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወይም የማኅበረሰብ አዳራሽ ነው፤ ታጣፊ ወንበሮች በክብ ተደርድረው፣ ጥግ ላይ የቡና ማፍያና የወረቀት ኩባያ ያገኛሉ። ቡናው ለሐበሻ ምላስ እጅግ የቀጠነ ነው፤ እሱን ይታገሡ። ሰብሳቢው አጭር ጽሑፍ ያነብባል፤ ከዚያ አንድ ሰው ታሪኩን ይናገራል፤ ወይም በየተራ ሦስት ሦስት ደቂቃ እየተወሰደ ይናገራሉ። ተናጋሪው የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ጠርቶ «አልኮሆሊክ ነኝ» ይላል፤ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ ሰላም ይሉታል። ተራው እርስዎ ጋ ሲደርስ «ዛሬ ለመስማት ነው የመጣሁት» ማለት ይበቃል፤ ማንም አይቀየምም።

ለእኛ ሰው እንግዳ የሚሆነው አንዱ ነገር ተናጋሪውን የሚያርም፣ የሚመክር ወይም የሚገሥጽ ሰው አለመኖሩ ነው። እኛ ያደግነው ችግር ሲነሣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ግራ ቀኙን ሰምቶ፣ ጥፋተኛውን ጥፋተኛ ብሎ በሚጨርስበት ወግ ነው። እዚህ ግን ሰውየው መኪናውን እንዴት እንዳጋጨ ይናገራል፤ ተናግሮ ሲጨርስ «አመሰግናለሁ» ይባላል፤ ቀጣዩ ስለ ራሱ ይናገራል። መጀመሪያ ላይ ግድ የለሽነት ይመስላል። ሦስት አራት ጊዜ ከሄዱ በኋላ ግን ሳይፈረድበት የሚናገር ሰው እውነቱን ለመናገር እንዴት እንደሚቀለው ያዩታል።

ሲያልቅ አንዳንዶች ስልካቸውን ጽፈው ይሰጥዎታል። ይቀበሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ውስጥዎን መጠጥ ሲያምረው የሚደወልለት ሰው መኖሩ ከስብሰባው ያላነሰ ጠቀሜታ አለው። ከጊዜ በኋላ ስፖንሰር የሚባል፣ ከእርስዎ ቀድሞ ያቆመና እርምጃዎቹን አብሮዎ የሚያልፍ ሰው ይመርጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት እንዲሆን ይመከራል።

የማውቀው ሐበሻ ቢያገኘኝስ?

ሰዎች በራፉ ላይ ደርሰው የሚመለሱት ከሁሉ በላይ በዚህ ፍርሃት ይመስለኛል። በዕድር፣ በጽዋ ማኅበር፣ በቤተ ክርስቲያንና በሬስቶራንት ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ኑሮ ውስጥ አንድ ሰው አየኝ ማለት ከተማው ሁሉ አየኝ ማለት ነው። ፍርሃቱን አላቃልልም። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ዕለት መኪናዬን ሁለት መንገድ አርቄ አቁሜ 20 ደቂቃ መሪ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ገብቼም ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው የተቀመጥሁት። በሦስተኛው ሳምንት የዕድራችን አባል የሆነ ሰው ገብቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሁለታችንም ወለሉን ስናይ አመሸን። ሲያልቅ ከበሩ ውጭ ተገናኝተን ያወራነው ስለ መኪና ማቆሚያ ክፍያ ብቻ ነበር። ዛሬ በየሳምንቱ አብረን እንሄዳለን፤ ይህንንም የጻፍሁት እሱን አስፈቅጄ ነው።

ከዚህ ያገኘሁት ቁም ነገር ቀላል ነው፦ እዚያ ክፍል ውስጥ ያገኘዎት ሰው እርስዎ በመጡበት ምክንያት የመጣ ነው። በክፍት ስብሰባ ላይ ግን ለሌላ ጉዳይ የመጣ ሊኖር ስለሚችል ይህ ፍርሃት ያለበት ሰው በዝግ ስብሰባ ቢጀምር ይሻላል። ከሠፈር ወጣ ብሎ፣ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ መምረጥም ይቻላል። ስም ላለመግለጥ የገቡት ቃል የኅብረቱ መሠረት ቢሆንም ቃሉን ማፍረስ በሕግ የሚያስቀጣ አለመሆኑን ማወቅም ይገባል፤ ስለዚህ ወንጀል ነክ ጉዳይ ወይም ከፍርድ ቤት ጋር የተያያዘ ነገር ካለዎት ለጠበቃ እንጂ ለስብሰባ አይናገሩት።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። በአማርኛ የሚካሄድ ስብሰባ አለ?

በኢትዮጵያ ውስጥ ስብሰባ ሲፈልጉ ቋንቋውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚካሄዱ ያጋጥሙዎታል። በውጭ አገር የአማርኛ ቡድን አንዳንድ ጊዜ ይቋቋማል፤ አንዳንድ ጊዜ ይበተናል፤ ስለዚህ ለኢንተርግሩፑ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። የቋንቋ ነገር ግን ከምናስበው ያነሰ እንቅፋት ነው። ሰዎቹ የሚናገሩት ስለ መጠጥ፣ ስለ ሚስት፣ ስለ ሥራና ስለ ሐፍረት ነው፤ ግማሹን ቢሰሙ ግማሹን ከራስዎ ኑሮ ይሞሉታል። የራስዎን ታሪክ በአማርኛ ተናግረው ሌሎቹ ቃሉን ሳይረዱ አክብረው ቢያዳምጡዎ እንኳ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሆስፒታል ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአሥር ዓመት ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው የአጠጣጥዎን ታሪክ በልጁ አፍ አያስነግሩ።

ሃይማኖታዊ ነው? ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ጴንጤ ብሆን ችግር አለው?

12ቱ እርምጃዎች «እግዚአብሔር» የሚለውን ስም ያነሣሉ፤ ወዲያው ግን «እኛ እንደምንረዳው» ይላሉ፤ ትርጉሙ ለየሰው የተተወ ነው። ስብሰባው በቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ውስጥ ቢሆንም ቡድኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ክፍሉን የሚከራይ ተከራይ ነው። መጨረሻ ላይ አጭር ጸሎት ይባላል፤ በአሜሪካ አንዳንድ ቦታ «አባታችን ሆይ» ይጸለያል። ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶች ዝም ብለው ቢቆሙ ወይም ቀደም ብለው ቢወጡ የሚጠይቃቸው የለም።

ለኦርቶዶክሳውያን አንድ ነገር ልጨምር። 5ኛው እርምጃ በደልን ለሌላ ሰው መናገርን ስለሚያካትት «ይህማ ንስሐ ነው» የሚሉ አሉ። ስፖንሰር የንስሐ አባት አይደለም፤ አይናዝዝም፤ ቀኖናም አይሰጥም። ንስሐ አባትዎን እንደያዙ፣ ጸበልዎንም እንደጠጡ፣ መድኃኒትዎንም እየዋጡ ስብሰባ መሄድ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። በሌላ በኩል መጠጥ ፈጽሞ በተከለከለባቸው የእምነት ማኅበረሰቦች ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚሸከሙት ሐፍረት ይከብዳል፤ ለእነሱ ከጉባኤያቸው ውጭ የሆነ ክፍል መኖሩ ራሱ እፎይታ ነው።

የእምነት ቃል ጨርሶ የማይስማማቸው ደግሞ ስማርት ሪከቨሪ የሚባለውን ይመልከቱ። ከ1994 ጀምሮ በዚህ ስም የሚሠራ፣ ስለ ላዕላይ ኃይል የማያነሣና ሐሳብንና ልማድን መለወጥ ላይ የሚያተኩር ነው።

በእርግጥ ይሠራል?

በ2020 ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ ነበር። ወደ ኤኤ በሚመራ ሥርዓት ውስጥ ካለፉት ሰዎች ከ100 ወደ 42 ያህሉ ከዓመት በኋላ ፈጽሞ ሳይጠጡ ሲገኙ፣ ሌላ የሥነ ልቦና ሕክምና ካገኙት ደግሞ 35 ያህሉ ነበሩ። ቁጥሩን በሁለት በኩል ማንበብ ያስፈልጋል፦ ኤኤ ከሌላው አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል፤ ሆኖም ከግማሽ የሚበልጡት ዓመቱን ሙሉ ሳይጠጡ አልጨረሱም። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ሄጄ አልሠራልኝም» ማለት ገና ምንም ማለት አይደለም። ስድስት ስብሰባዎችን፣ ቢቻል በሦስት የተለያዩ ቡድኖች ውስጥ ሳይሞክሩ ባይፈርዱ ይሻላል፤ አንዱ ቡድን የአዛውንቶች፣ ሌላው የወጣቶች፣ አንዱ ሣቅ የበዛበት፣ ሌላው እንደ ለቅሶ ቤት የከበደ ይሆናል።

ሐኪም እንደ ናልትሬክሶን ወይም አካምፕሮሴት ያለ መድኃኒት ካዘዘልዎ መውሰዱን ይቀጥሉ። አንዳንድ ቦታ «መድኃኒት የሚወስድ አላቆመም» የሚል አባል ሊያጋጥምዎ ይችላል። እሱ የራሱን ሐሳብ ነው የሚናገረው፤ ኅብረቱ ራሱ አባላት እንደ ሐኪም እንዳይሆኑ ያሳስባል።

ክፍያ አለው?

የለውም። መጨረሻ ላይ ለክፍሉ ኪራይና ለቡናው ሙዳይ ይዞራል፤ አዲስ መጪ አይጠበቅበትም።

ጠጥቼ ስነዳ ተይዤ ዳኛው ስብሰባ እንድሄድ አዘዘኝ። ወረቀቱን ማን ይፈርማል?

ይህ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ በተለይ በመንዳት የሚተዳደሩት፣ የሚጠይቁት ነው። ወረቀቱን ከስብሰባው በፊት ለሰብሳቢው ወይም ለጸሐፊው ይሰጣሉ፤ ሲያልቅ ተፈርሞ ይመለሳል። መፈረም የቡድኑ ፈቃድ እንጂ ግዴታ ስላልሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በኢንተርኔት የሚደረጉትን ፍርድ ቤቱ ይቀበል እንደሆነም ከጠበቃዎ ያረጋግጡ። ሃይማኖታዊ ይዘት ባለው ፕሮግራም ላይ መገኘትን በግድ ማዘዝ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች ወስነዋል፤ 9ኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2007 የሰጠው ውሳኔ አንዱ ነው። ስለዚህ ተቃውሞ ካለዎት ሃይማኖት የሌለበት አማራጭ እንዲፈቀድልዎ በጠበቃዎ በኩል መጠየቅ ይችላሉ። ተገድደው መጥተው ወረቀታቸው ካለቀ በኋላም መምጣታቸውን የቀጠሉ ሰዎች አውቃለሁ።

የእኔ ችግር ጫትና ጨብሲ ነው። የት ልሂድ?

ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣ ሰው ሁለቱን ለያይቶ ማቆም ይከብደዋል፤ ጫቱ እስካለ ድረስ ማታ ሲመጣ ጨብሲው ይጠራዋል። መጠጥ የማቆም ፍላጎት ስላለዎት ኤኤ ይቀበልዎታል፤ በዝግ ስብሰባ ላይ ግን ንግግርዎን በመጠጡ ላይ እንዲያደርጉ ሊጠይቁዎ ይችላሉ። በ1953 በካሊፎርኒያ የተጀመረው ናርኮቲክስ አኖኒመስ ደግሞ በአንድ ዕፅ ሳይወሰን ስለ ሱስ በጠቅላላው የሚናገር ስለሆነ ለዚህ ይስማማል። በውጭ አገር ጫት የሚለውን ቃል የማያውቁት ይኖራሉ፤ የሚያነቃቃ ቅጠል ነው ብለው ይለፉት።

በከተማዬ ምንም ስብሰባ የለም። ምን ላድርግ?

ሁለት ሦስት ሆነው ላለመጠጣት ብለው የተሰባሰቡ ሰዎች፣ ቡድኑን ከሌላ ድርጅት ጋር እስካላቆራኙት ድረስ፣ ራሳቸውን የኤኤ ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ፤ ይህ ከ12ቱ ልማዶች በ3ኛው ተጽፏል። ፈቃድ የሚጠየቅበት ጽሕፈት ቤት የለም። ማኅበር ጠጥቶና ዕድር መሥርቶ ለኖረ ሕዝብ ደግሞ በየሳምንቱ በተወሰነ ሰዓት መሰብሰብ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ነገር ጠላ አለመቀዳቱ ነው። ሁለተኛውን ሰው ለማግኘት በአቅራቢያዎ ያለውን የአእምሮ ጤና ባለሙያ «እንደ እኔ ያለ ሌላ ሰው ካለ ስልኬን ይስጡት» ብሎ መጠየቅ አንድ ዘዴ ነው። ሰብሳቢነቱ በየጊዜው ይዙር፤ አንድ ሰው ለዘለዓለም ሊቀመንበር የሆነበት ቡድን ሲፈርስ አይቻለሁ። የራስዎ ቡድን እስኪጸና ድረስ በኢንተርኔት የሚደረጉትን አያቋርጡ።

የሚጠጣው ባለቤቴ ነው፤ መሄድ ግን አይፈልግም።

እንግዲያው እርስዎ ይሂዱ። አል-አኖን የሚባለው ኅብረት በ1951 የተመሠረተ፣ የጠጪዎች ቤተሰቦችና ወዳጆች የሚሰበሰቡበት ነው፤ ለወጣት ልጆች የሚሆን አላቲን የሚባል ክፍልም አለው። እዚያ ባልን የማስቆሚያ ዘዴ አያስተምሩም። የሚነጋገሩት ጠርሙስ ሲደብቁ፣ ለአለቃው «አሞታል» ብለው ሲዋሹ፣ የአረቄ ዕዳ ሲከፍሉ ስለኖሩበት ስለ ራስዎ ሕይወት ነው። ድብደባ ካለ ግን ከስብሰባ በፊት የሚቀድመው ከልጆችዎ ጋር የሚጠለሉበት ቦታ ነው።

ሁለት ወር ከቆየሁ በኋላ ሠርግ ላይ ጠጣሁ። ተመልሼ ለመግባት አፈርሁ።

ሠርግ፣ ክርስትና፣ ማኅበር፣ ለቅሶ ሳይቀር፣ «በሞቴ፣ አንድ ብቻ!» እየተባለ ብርሌ በእጅ የሚሰጥበት አገር ሰዎች ነን፤ እንቢ ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል። ስለዚህ ወደ ሠርግ ከመሄድዎ በፊት መልስ አዘጋጅተው ይሂዱ፤ «መድኃኒት ላይ ነኝ» የሚለው ብዙ አያከራክርም። ብርጭቆዎን ገና ሲገቡ በአምቦ ውኃ ይሙሉት፤ ባዶ ብርጭቆ ሐበሻ ፊት አይበረክትም። ኬክ ተቆርሶ ጭፈራው ሲጦፍ ይውጡ፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደቀረ የሚያስተውል የለም።

ካገረሸብዎት ደግሞ የሚያገኙትን የመጀመሪያ ስብሰባ ይግቡ። «እንደገና ጠጣሁ» ሲሉ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ያው ደርሶባቸዋል። ለተከታታይ ቀናት ሲጠጡ ከሰነበቱ ግን ከላይ ስለ መንቀጥቀጥና መንፈራገጥ የተባለው እንደ አዲስ ይሠራልና መጀመሪያ ሐኪም ይዩ። ሁለቱን ወር አብሮዎ የቆየው ሰው ስልክ አሁንም በእጅዎ አለ፤ ሳይነጋ መደወልም ይቻላል።